የብረት ዳሌ ያለው ሰው ደሙ ለምን ይመረመራል?

ዳሌው አልንቀሳቀስ ብሎት በምርኩዝ ይሄድ የነበረ ሰው ሰው ሠራሽ ዳሌ ተተክሎለት ቀጥ ብሎ ሲራመድ ማየት፣ የዘመኑ ሕክምና ካፈራቸው ደስ ከሚያሰኙ ነገሮች አንዱ ነው። ትናንት ከአልጋው ለመውረድ ሰው ይደግፈው የነበረው ዛሬ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ስለ ኦፐራሲዮኑ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ባሉት ዓመታት በገላው ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚሁ ስለ ኋለኛው ባጭሩ ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ከብረት የተሠራ ዳሌ ያለው ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የኮባልትና የክሮሚየም መጠን ለምን እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ የተገኘውም ቁጥር ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የለንደንና የሲድኒ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገሩ የተነሣው በእርግጥ በሩቅ አገር ነው። ነገር ግን ሰው ባሕር ተሻግሮ በሚመላለስበት ዘመን በገላው ውስጥ ያለው ብረትም አብሮት ይመላለሳል። ለንደን የተተከለ ዳሌ ሮቤ ላይ ቢያም፣ መልስ የሚጠየቀው ሮቤ ያለው ሐኪም ነው። ያ ሐኪም ደግሞ ነገ ከመካከላችን አንዱ ሊሆን ይችላል።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳሌና ሰው ሠራሽ ዳሌ

የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ይህ ኳስ በዳሌ አጥንት ላይ እንደ ጽዋ በጎደጎደ ቦታ ገብቶ ይሽከረከራል። ሁለቱም ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ነገር የተሸፈኑ ናቸው፤ በመካከላቸውም እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ልም አጥንቱ በዕድሜ ወይም በሌላ ምክንያት ሲያልቅ፣ ወይም ወደ ኳሱ የሚሄደው ደም ተቋርጦ አጥንቱ ሲሞት፣ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል፤ በሽተኛውም ቀንና ሌሊት ይሠቃያል። በአገራችን እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀውን ይመልስ ይሆናል እንጂ ያለቀውን ልም አጥንት ሊተካ አይችልም።

ሐኪሙ የሚያደርገው የተበላሸውን ኳስ ቆርጦ ማውጣት፣ በጭን አጥንት ውስጥ ዘንግ መትከል፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ሰው ሠራሽ ራስ መግጠም፣ የጎደጎደውንም ቦታ በሰው ሠራሽ ጽዋ ማልበስ ነው። የሚከተለው ታሪክ በሙሉ የሚዞረው «ራሱና ጽዋው ከምን ይሠሩ?» በሚለው አንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በ1938 ፊሊፕ ዋይልስ የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ ራሱም ጽዋውም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ዳሌ ተከለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማኪ የተባለው ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ኖርዊች ከተማ፣ ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅልቅል የተሠራ ብረት ለብረት የሚሽከረከር ዳሌ ሠራ። በዚሁ ጊዜ ጆን ቻርንሊ ራሱን ከብረት፣ ጽዋውን ከፕላስቲክ ለማድረግ ይሞክር ነበር። በመጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎን ቶሎ እየተበላ አስቸገረው፤ በ1962 ፖሊኤቲሊን በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ተካውና ተሳካለት። ከዚያ በኋላ ብረት በፕላስቲክ ላይ የሚሽከረከርበት ዳሌ ዓለምን ሁሉ ያዘ፤ ብረት ለብረት የነበረውም በ1970ዎቹ እየተተወ ሄደ።

ይሁን እንጂ ፕላስቲኩም የራሱ እንከን ነበረው። ብዙ በሚንቀሳቀስ ወጣት ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ የፕላስቲኩ ብናኝ በዙሪያው ያለውን አጥንት እያስበላ ዘንጉን ያላላ ጀመር። ስለዚህ «ብረት ለብረትን የተውነው ያለ በቂ ምክንያት ይሆን?» የሚል አሳብ ተነሣ። በ1988 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በ1990ዎቹም በበርሚንግሃም ከተማ፣ ከበፊቱ ይልቅ በጥንቃቄ የተሞረደ ብረት ለብረት ዳሌ እንደገና መተከል ጀመረ። በ2000ዎቹ ነገሩ ፋሽን ሆነ። እንደዚህ ያለ ዳሌ የተተከለላቸው ሰዎች ቁጥር በዓለም ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአማርኛ «ብረት» ስንል ማረሻውንም፣ ምስማሩንም፣ ድስቱንም ነው። እዚህ ላይ የምንናገርለት ብረት ግን ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆነው ኮባልት፣ ከ27 እስከ 30 የሚሆነው ክሮሚየም፣ ከ5 እስከ 7 የሚሆነው ሞሊብዲነም የሆነ ቅልቅል ነው። እጅግ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉም አይዝግም። ጥያቄው ፈጽሞ አያልቅም ወይ? የሚለው ነው።

ብረቱ ወደ ደም የሚገባው እንዴት ነው?

የአርሲን ገበሬ ማረሻ እንመልከት። ማረሻው ቀኑን ሙሉ አፈር ሲፍቀው ውሎ ማታ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። እርጥበት ላይ ካደረ ቀጭን ዝገት ይለብሳል። በማግሥቱ አፈሩ ያን ዝገት ይፍቀዋል፤ እንደገና ያድራል፤ እንደገና ይዝጋል። በአንድ ቀን የጎደለውን ማንም አያየውም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ማረሻው ሳስቶ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል።

የዳሌው ብረትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በላዩ ላይ ክሮሚየም ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሠራው በዓይን የማይታይ ቀጭን ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል። ሰውየው በተራመደ ቁጥር ግን ራሱና ጽዋው ሲፋተጉ ሽፋኑ በትንሽ በትንሹ ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ ይተካል። በመካከሉ ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንደኛው ብናኝ ነው፤ ሁለተኛው አዮን ነው። አዮን ማለት ኤሌክትሮን ያጣ ወይም የጨመረ አቶም ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚሟሟ ከደም ጋር መላ ገላን ይዞራል። ብናኙ ደግሞ እጅግ የደቀቀ ከመሆኑ የተነሣ፣ በክብደት ሲታይ ከፕላስቲኩ ያነሰ ቢሆንም፣ በቁጥር በዓመት በትሪሊዮን የሚቆጠር ነው።

የጽዋው አቀማመጥ ነገሩን እጅግ ያባብሰዋል። እናቶቻችን እንደሚያውቁት ወፍጮውና መጁ በደንብ ካልተገናኙ ድንጋዩ በአንድ ወገን ይበላል። ጽዋው ሲተከል ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ወይም ከአሠራሩ ጥልቀት ያጠረው ከሆነ፣ የራሱ ክብደት በሙሉ በጽዋው ጠርዝ ላይ ያርፋል። በዚያን ጊዜ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ከመካከላቸው ይሸሻል፤ ደረቅ ብረት ደረቅ ብረትን ይፍቃል። አጥንታቸው ትንሽ በመሆኑ ትንሽ ራስ በሚገጠምላቸው ሴቶች ላይ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የታየው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ብናኙ በዳሌው ዙሪያ ሲከማች ሕዋሳት ሊውጡት ይሞክራሉ፤ ውጠውም ይሞታሉ። ሥጋው ያብጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ አንዳንድ ጊዜ ነቀርሳ ያልሆነ፣ ነገር ግን ነቀርሳ የሚመስል እብጠት ይሠራል። የኦክስፎርድ ሐኪሞች በ2008 ይህን እብጠት «ሐሰተኛ ዕጢ» ብለው ጽፈውበታል። የከፋው ነገር፣ ይህ እብጠት በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ሊያጠፋ መቻሉ ነው። ጡንቻው ከጠፋ በኋላ ዳሌው እንደገና ቢለወጥም ሰውየው እንደ ቀድሞው ላይራመድ ይችላል። ጊዜ የሚባለው ነገር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አሳብ አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን እግር የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲያጠና፣ ከአፈሩ የመጣ የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ደቃቅ ብናኝ በበሽተኞቹ ንፍፊት ውስጥ አግኝቷል። በዚያኛው ብናኙ የሚመጣው ከውጭ በእግር ቆዳ በኩል ነው፤ በዚህኛው ከውስጥ ከተተከለው ዕቃ ነው። የሁለቱ በሽታ መንገድ ይለያያል፤ ሁለቱም የሚያስተምሩት ግን ገላ የማይሟሟውን ደቃቅ ነገር ችላ ብሎ እንደማያልፈው ነው።

ኮባልት ሲበዛ

ኮባልት በራሱ መርዝ ብቻ አይደለም። ቫይታሚን ቢ 12 በመካከሉ አንድ የኮባልት አቶም አለው፤ ያለ እርሱ ደም አይሠራም። የሚያስፈልገው መጠን ግን ኢምንት ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚያመጣውን ነገር ዓለም የተማረው ከዳሌ ሳይሆን ከቢራ ነው። በ1965 እና በ1966 በካናዳ በኬቤክ ከተማ አንድ ቢራ ጠማቂ አረፋው እንዲቆይ ሲል በቢራው ውስጥ የኮባልት ጨው ጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ቢራ አብዝተው የሚጠጡ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ወንዶች ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ፤ ከነሱም ሃያ ያህሉ ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከአንድ በላይ ነው። በ1950ዎቹ ሐኪሞች ደም ላነሳቸው ሰዎች ኮባልትን እንደ መድኃኒት ይሰጡ ነበር፤ መጠኑም ከቢራው ይበልጥ ነበር፤ ሆኖም እንደዚያ ያለ የልብ ድካም አልታየባቸውም። የኬቤክ ሰዎች ግን ምግባቸው የተጎዳ፣ አልኮል የበዛባቸው ነበሩ። እንግዲህ አንዱ የሚችለውን መጠን ሌላው ላይችለው ይችላል። መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕፃናት አንዳንዶቹ ደግሞ እንቅርት አወጡ፤ ኮባልት የእንቅርት ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ስለሚያግደው ነው። እንቅርት በአዮዲን እጥረት ምክንያት በብዛት በሚገኝበት ደጋ ለሚሠራ ሐኪም ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ የተለመደ በሽታ መስሎ ያልተለመደ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና።

በ2010 የአላስካው የአጥንት ሐኪም ስቲቨን ታወር ከብረት ዳሌ በወጣ ኮባልት የተመረዙ ሰዎችን ሁኔታ በጽሑፍ አወጣ፤ ታወር ራሱም እንደዚሁ ያለ ዳሌ ተተክሎለት የታመመ ሰው ነበር። በ2014 ደግሞ የጀርመን የማርቡርግ ሐኪሞች ስለ አንድ በሽተኛ ጻፉ። ልቡ ደክሞ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ጆሮው ደንቁሮ ወደነሱ የመጣው ይህ ሰው የተሰበረ የሴራሚክ ዳሌ ወጥቶለት በብረት የተተካለት ነበር። ከሴራሚኩ የቀረው ስብርባሪ አዲሱን ብረት እንደ ሞረድ ሲፍቀው ኖሯል። ይህ ታሪክ የሚያስታውሰን አደጋው ብረት ለብረት በሚሽከረከረው ዳሌ ብቻ እንዳልተወሰነ ነው። ጽዋው ፕላስቲክ ሆኖም የኮባልቱ ራስ ከዘንጉ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ሊበላ ይችላል።

ምልክቶቹ እንግዲህ የብዙ ሌላ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ ልብ መድከም፣ ጆሮ መክበድ፣ ዓይን መፍዘዝ፣ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ብርድ መፍራት፣ ነገር መርሳት። በሽተኛው ወደ ልብ ሐኪም፣ ወደ ዓይን ሐኪም፣ ወደ ጆሮ ሐኪም በየተራ ይሄዳል። «ዳሌህ ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ላይገኝ ይችላል።

ነገሩ የታወቀው እንዴት ነው?

በ2003 ዴፑይ የተባለው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ኤ ኤስ አር የሚባል ብረት ለብረት ዳሌ ለገበያ አወጣ። ጽዋው ከሌሎቹ ጥልቀት ያነሰው ነበር። ወደ አሜሪካ ገበያ በ2005 የገባው ባለ ዘንጉ ዓይነት ቀድሞ ከነበሩት ጋር ይመሳሰላል ተብሎ እንጂ በሰው ላይ በተደረገ ጥናት ተፈትኖ አልነበረም።

አውስትራሊያ ከ1999 ጀምሮ የተተከለውን ዳሌ ሁሉ የምትጽፍበት ብሔራዊ መዝገብ ነበራት። በዚያ መዝገብ ላይ የማን ዳሌ መቼ እንደተተከለ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ ወጥቶ እንደተለወጠ ይጻፋል። ከ2007 ጀምሮ ይህ ዓይነት ዳሌ ከሌሎቹ ይልቅ እየወጣ እንደሚለወጥ መዝገቡ መናገር ጀመረ። በ2009 መጨረሻ ዕቃው ከአውስትራሊያ ገበያ ወጣ። በነሐሴ 2010 ኩባንያው ከዓለም ገበያ ሁሉ ሰበሰበው፤ እስከዚያ ድረስ ወደ 93,000 ያህል ተተክሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝና ዌልስ መዝገብ የተገኘው ቁጥር እንዳሳየው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 12 ወይም 13 ያህሉ ወጥቶ ተለውጧል። በ2013 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ለከሰሱት በሺህ ለሚቆጠሩ በሽተኞች ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አንባቢ ልብ ይበል። አንድ ሐኪም ለብቻው ሆኖ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። በዓመት ሃያ ዳሌ የሚተክል ሐኪም ሁለቱ ሲከሽፉ ቢያይ የራሱ ወይም የበሽተኛው ጥፋት ይመስለዋል። ነገሩን ያወጣው የተከማቸ ጽሕፈት ነው።

ደሙ የሚለካው እንዴት ነው?

ብረት ለብረት የሆነ ዳሌ የሌለው ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ኮባልት በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው። ዳሌው በደህና የሚሠራለት ሰው ብዙውን ጊዜ በ2 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይገኛል። ማስጠንቀቂያ ሆኖ የተወሰደው ቁጥር 7 ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገመት 25 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ እናስብ። በዚያ ኩሬ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨው፣ ማለት 7 ግራም ያህል፣ ቢበጠበጥ በሊትር 7 ማይክሮግራም ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ለመለካት ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመርፌው ነው። መርፌው ራሱ ክሮሚየም ካለበት ብረት የተሠራ ስለሆነ የመጀመሪያው ደም ሊበከል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብልቃጥ ለሌላ ምርመራ ይውላል ወይም ይጣላል፤ ለብረት ምርመራው ቀጥሎ የሚመጣው ይወሰዳል። ብልቃጡም ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ብረት የሌለበት መሆን አለበት። ሙሉው ደም ይለካ ወይስ ውሃው ተለይቶ የሚለው አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ የሁለቱ ቁጥር አንድ አይደለምና።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎችን ደስ የሚያሰኝ ነው። የቀጠነው ደም እንደ ጉም ተረጭቶ በብዙ ሺህ ዲግሪ በጋለ የአርጎን ጋዝ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ውስጥ አቶሞቹ ኤሌክትሮን አጥተው አዮን ይሆናሉ፤ ከዚያም በክብደታቸው ተለይተው ይቆጠራሉ። ኮባልት በ59፣ ክሮሚየም በ52 ይቆጠራል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። 40 የሚመዝነው አርጎን በደሙ ውስጥ ካለው 12 ከሚመዝነው ካርቦን ጋር ሲጣመር 52 ይሆናል፤ መሣሪያውም ክሮሚየም አገኘሁ ይላል። ይህን ለማስቀረት አዮኖቹ በሂሊየም ጋዝ ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ጥምሩ ትልቅ ስለሆነ ከሂሊየሙ ጋር ብዙ ጊዜ እየተጋጨ ጉልበቱን ያጣና ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ቁጥሩ ከየትም ተለክቶ የሚመጣ ተራ ነገር እንዳልሆነ ነው። የአንድ ሰው ደም በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ሊለካ ይገባዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ አገር ውጤቱ የሚጻፈው በማይክሮግራም ሳይሆን በናኖሞል ነው። 1 ማይክሮግራም ኮባልት 17 ናኖሞል ያህል ነው፤ ስለዚህ 7 ማይክሮግራም ኮባልት 119 ናኖሞል፣ 7 ማይክሮግራም ክሮሚየም ደግሞ 134.5 ናኖሞል ይሆናል። ከውጭ በመጣ ወረቀት ላይ 50 የሚል ቁጥር ያየ ሰው መለኪያውን ካላነበበ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፤ 50 ናኖሞል ኮባልት 3 ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም። 50 ማይክሮግራም ከሆነ ግን ዝም የሚባል አይደለም።

7 ምን ይናገራል?

የብሪታንያ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2010 ማስጠንቀቂያ ባወጣ ጊዜ፣ ኮባልት ወይም ክሮሚየም ከ7 በላይ ከተገኘ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደገም አዘዘ። በ2012 ደግሞ አንዳንድ ዓይነት ዳሌ ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲታዩ አደረገ። በ2017ም መመሪያውን አሻሽሏል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በ2013 ምንም ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ መለካትን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም አለ። ሁለት ታላላቅ መንግሥታት በአንድ ቁጥር ላይ እንዲህ የተለያዩት ለምንድር ነው?

ምክንያቱ ቁጥሩ ዳኛ ሳይሆን ምስክር በመሆኑ ነው። በ2011 ብሪታንያ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የከሸፉና ደህና የሆኑ ዳሌዎችን ሲያነጻጽር፣ 7 የሚለው ወሰን ደህና ከሆኑት 89 ከመቶውን በትክክል ደህና ብሏል፤ ከከሸፉት ግን የያዘው 52 ከመቶውን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ ከፍ ካለ ሊሰማ ይገባዋል፤ ዝቅ ማለቱ ግን በራሱ ዋስትና አይሆንም።

ከዚህም በላይ ቁጥሩን የሚለዋውጡ ነገሮች አሉ። ሁለቱም ዳሌው ብረት የሆነ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ይኖረዋል። ኮባልት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዳሌው ደህና ሆኖ ሳለ ኮባልቱ ሊከማች ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቁጥር ይልቅ በየጊዜው የተለካ ቁጥር ይሻላል። ዘንድሮ 3 ሆኖ በሚመጣው ዓመት 6 የሆነ ሰው ወሰኑን አላለፈም፤ ነገር ግን እጥፍ ሆኗልና መታየት አለበት። የደሙም ውጤት የሚነበበው ከሌሎቹ ጋር ነው፤ ከበሽተኛው ቃል፣ ከራጁ፣ ከአልትራሳውንዱ ወይም ብረት እንዳያውከው ተደርጎ ከሚነሣው ኤም አር አይ ጋር።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ሮቤ እንመለስ። ባሕር ማዶ ዳሌያቸው ተተክሎላቸው የተመለሱ አንዲት እናት ብሽሽታቸውን አመመኝ ብለው መጡ እንበል። ከላይ የተናገርንለት መሣሪያ በወረዳ ሆስፒታል የሚገኝ አይደለም። ይሁን እንጂ መሣሪያው ስለሌለ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ሊሠራ የሚችለው ነገር ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ወረቀቱን መጠየቅ ነው። ሰው ሠራሽ ዳሌ ከፋብሪካ ሲወጣ ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ይህ ወረቀት ከመሬቱ ደብተር ጋር በአንድ ሣጥን ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ልጆች ባሕር ማዶ ካሉ ኦፐራሲዮኑን ወዳደረገው ሆስፒታል ደውለው ሊያገኙት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ባይኖርም ራጅ አለ። ፕላስቲክ በራጅ ላይ ስለማይታይ ጽዋው በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ በራሱና በጽዋው መካከል ክፍተት ያለ ይመስላል። ብረት ለብረት ከሆነ ግን ክፍተቱ አይታይም፤ ሁለቱ አንድ ነጭ ነገር ይመስላሉ። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በአንድ ተራ ራጅ ብዙ ነገር ሊለይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ መጠየቅ ነው። ብሽሽት ላይ ሕመም ወይም እብጠት አለ ወይ? ሲራመዱ ድምፅ ይሰማል ወይ? ማነከስ ጀምረዋል ወይ? ከኦፐራሲዮኑ በኋላ ጆሮ፣ ዓይን፣ ልብ ተለውጧል ወይ? የኩላሊት ምርመራም ከዚሁ ጋር ይደረጋል፤ ይህ በብዙ ቦታ የሚሠራ ተራ ምርመራ ነው።

አራተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ካለ በሽተኛዋን ወደ አሰላው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ፣ የደሙም ናሙና በትክክለኛው ብልቃጥ ተወስዶ ሊለካው ወደሚችል ላቦራቶሪ እንዲሄድ ማድረግ ነው። አስቀድሞ ማንን መላክ እንደሚገባ ካልታወቀ ግን ድካሙና ገንዘቡ ያለ አግባብ ይጠፋል፤ ሁሉን ሰው ማስፈራትም ጉዳት ነው። ብዙዎቹ የብረት ዳሌ ያላቸው ሰዎች በደህና ይኖራሉ።

የመጨረሻው ነገር ስለ መዝገብ ነው። በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱን፣ የአርሲ ሰው ያስታውሰዋል። ያችው ስዊድን በ1979 የዳሌ መዝገብ ጀምራ ለሌሎች አርአያ ሆናለች። «ይህ የባለጠጋ አገር ሥራ ነው» የሚል ካለ ወደ ማላዊ ይመልከት። ማላዊ ባለጠጋ አይደለችም፤ የሚተከለውም ዳሌ በቁጥር ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ከ2005 ጀምሮ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገብ ከፍታለች። ቁጥሩ ጥቂት ሳለ መጀመር ይቀላል፤ ከበዛ በኋላ ያለፈውን መልሶ መጻፍ አይቻልም። አንድ ደብተር፣ አንድ ብዕር፣ ተለጣፊውንም ወረቀት በደብተሩ ላይ የሚለጥፍ አንድ ጥንቁቅ ሰው ለመነሻ ይበቃል።

ዛሬ ብረት ለብረት የሆነ ባለ ዘንግ ዳሌ መተከሉ ቀርቷል ለማለት ይቻላል፤ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚደረግ የራስ ማልበስ ዓይነት ቀርቷል። ቀደም ሲል የተተከለው ግን በሰዎቹ ገላ ውስጥ አለ፤ ሰዎቹም ገና ብዙ ዓመት ይራመዳሉ። ነገም በሌላ ስም፣ ከሌላ ቅልቅል የተሠራ አዲስ ዕቃ ይመጣል፤ መልካም ነው ተብሎም ይወደሳል። በዚያን ጊዜ የሕክምና ተማሪው የበሽተኛውን ቃል፣ የኬሚስትሪ ተማሪው መለኪያውን፣ የስታቲስቲክስ ተማሪው መዝገቡን በየፊናቸው ቢይዙ፣ አንዲት የሮቤ እናት ጡንቻቸው ሳይጠፋ በጊዜ ይደረስላቸዋል።